የአያት ሣጥን ሲከፈት፦ የወረሱትን ጥንታዊ ዕቃ ለማወቅ፣ ለማቆየትና ለመውደድ

ሐዘኑ ካለፈ በኋላ ቤተሰብ ተሰብስቦ ሣጥን የሚከፍትበት ቀን ይመጣል። የሚወጣው ነገር በብዙ ቤት ተመሳሳይ ነው፦ በጨርቅ የተቋጠረ ጠገራ ብር፣ የጠቆረ የአንገት መስቀል፣ ድሪና አልቦ፣ የተጣጠፈ ካባ፣ ብል የጎበኘው በርኖስ፣ ዳዊት ከነማኅደሩ፣ የተጠቀለለ ክታብ፣ የግብር ደረሰኝና ጀርባው ላይ ምንም ያልተጻፈበት ፎቶግራፍ። በዚያው ሳምንት ሦስት የማይመለሱ ጥፋቶች ይፈጸማሉ። አንዱ መስቀሉን በአመድ ይፈትጋል፣ ሌላው ብሩን ወርቅ ቤት ወስዶ በሚዛን ይሸጣል፣ የቀረው ደግሞ ማን ምን እንደወሰደ ሳይጻፍ ይከፋፈላል።

የጥንት ዕቃ ፍቅር የሚጀምረው ከዚህ ሣጥን ነው። ከሱቅ የተገዛ መስቀል ማን አንገት ላይ እንደነበር አይታወቅም፤ የወረሱት ግን ስም አለው፣ ዘመን አለው፣ መንገድ አለው። ስለዚህ ሥራው ሁሉ አንድ ቅደም ተከተል ይከተላል፦ መጀመሪያ ታሪኩን መያዝ፣ ቀጥሎ ዕቃውን መመርመር፣ ማጽዳት ካስፈለገ መጨረሻ ላይ።

ሳይነኩ መመዝገብ

ለምዝገባው ነጭ አንሶላ፣ ማስመሪያ፣ እርሳስ፣ ደብተርና ስልክ ይበቃሉ። አንሶላውን ፀሐይ በቀጥታ በማያርፍበት መስኮት አጠገብ ያንጥፉ። እያንዳንዱን ዕቃ ከማስመሪያው ጋር አድርገው ያለ ፍላሽ ያንሡ፦ ፊቱን፣ ጀርባውን፣ ጎኑን፣ ጽሑፍ ወይም ማኅተም ያለበትን ቦታ በቅርበት፣ የተሰበረ ወይም የተጠገነ ቦታ ካለም እሱን። ጥገናውን አይናቁት፤ የተሰነጠቀ ዋንጫ በብር ሽቦ ተሰፍቶ ከሆነ ያ ስፌት ዕቃው ምን ያህል ይወደድ እንደነበር የሚያሳይ ማስረጃ ነው።

ለእያንዳንዱ ዕቃ ቁጥር ይስጡ። ቁጥሩን በትንሽ ወረቀት ላይ በእርሳስ ጽፈው በጥጥ ክር ያንጠልጥሉት። ተለጣፊ ወረቀት፣ ስኮች ወይም እስክሪብቶ ዕቃው ላይ አይድረስ። የስኮች ሙጫ በጥቂት ዓመት ቢጫ ሆኖ ወደ ወረቀትና ቆዳ ይሰርጋል፤ ሲላጥም የዕቃውን ገጽ ይዞ ይነሣል።

ከዚያ ትልልቆቹን ይጠይቁ። «ዕድሜው ስንት ነው?» የሚለው ጥያቄ ብዙ አያስገኝም፤ መልሱ «ጥንት ነው» ይሆናል። ይልቅ እንዲህ ብለው ይጠይቁ፦ እማማ፣ ይህን አልቦ ማን አደረገው? ለሠርግ ነው ወይስ ለበዓል? ማን ሠራው፣ ከየት መጣ? ጣልያን ሲገባ የት ተደበቀ? ከማን ወደ ማን ተላለፈ? የስልኩን ድምፅ መቅጃ አስፈቅደው ይክፈቱት፤ አነጋገሩም ራሱ ቅርስ ነው።

አዛውንቶች ዘመንን በዓመት ቁጥር ሳይሆን በተፈጸመ ነገር ያስታውሳሉ። ይህን ወደ ቁጥር መመለስ የእርስዎ ሥራ ነው። ክፉ ቀን ካሉ ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. አካባቢ ነው። ሰገሌ 1909፣ የኅዳር በሽታ 1911፣ የማይጨው ዘመቻ 1928፣ ጣልያን የወጣበት 1933፣ የታኅሣሡ ግርግር 1953 ዓ.ም. ነው። «እናቴ በበሽታው ዓመት ተወለደች፣ ይህ ድሪ የሠርጓ ነው» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ድሪውን በ1920ዎቹ አካባቢ ያስቀምጠዋል። ይህን ግምት ከምንጩ ጋር ይጻፉት፤ ማን እንደተናገረውና መቼ እንደተነገረ ካልተጻፈ በኋላ የሚመጣው ሰው ሊመዝነው አይችልም።

በዕቃው ላይ ያለውን ቀን ማንበብ

የግእዝ አኃዝ ማንበብ ለዚህ ሥራ የመጀመሪያው ችሎታ ነው። ከ፩ እስከ ፱ አሃዶች፣ ከ፲ እስከ ፺ አሥሮች ናቸው፤ ፻ ደግሞ ከፊቱ ያለውን በመቶ ያበዛል። ፲፰፻፹፱ ማለት 18 መቶ ከ89፣ ማለትም 1889 ነው። በአሮጌ ጽሑፍ ላይ ቁጥሩ ከ7,000 በላይ ከሆነ አይደንግጡ፤ ከዓለም ፍጥረት ጀምሮ የሚቆጠር ዓመተ ዓለም ነው፣ 5,500 ሲቀነስለት ዓመተ ምሕረት ይሆናል።

ዓመት ሳይጠቀስ የወንጌላዊው ስም ብቻ ሲገኝም ጠቃሚ ነው። ዓመተ ምሕረቱ ለ4 ተካፍሎ 1 ከተረፈ ዘመነ ማቴዎስ፣ 2 ከተረፈ ማርቆስ፣ 3 ከተረፈ ሉቃስ፣ ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ ነው። ዳዊት ላይ «በዘመነ ሉቃስ፣ በንጉሥነ ምኒልክ» የሚል ጽሑፍ አገኙ እንበል። ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ከሆኑበት ከ1882 እስካረፉበት እስከ 1906 ዓ.ም. ድረስ ዘመነ ሉቃስ የሆኑት 1883፣ 1887፣ 1891፣ 1895፣ 1899 እና 1903 ብቻ ናቸው። ጽሑፉ ከመንገሣቸው በፊት «ንጉሥ» ይባሉ በነበረበት በሸዋ ዘመን የተጻፈ እንዳይሆን ግን ማዕረጋቸው እንዴት እንደተጠራ በደንብ ይዩ።

ጠገራ ብር

ብዙ ሰው የጥንት ዕቃን መመርመር የሚማረው በጠገራ ነው፤ በሚዛንና በውኃ ብቻ እውነቱ ይታወቃልና። ማርትሬዛ የምንለው ይህ ብር በኦስትሪያዊቷ ንግሥት በማርያ ቴሬዛ ስም የተመታ ሲሆን ሁሉም ላይ 1780 የሚል ቁጥር አለ። ይህ ግን ብሩ በዚያ ዓመት ተሠራ ማለት አይደለም። ንግሥቲቱ በ1780 እ.ኤ.አ. አርፋለች፤ ከዚያ ወዲህ ለንግድ ሲባል በዚያው ቀንና በዚያው መልክ ሳይቋረጥ ሲመታ ኖሯል። በ1935 እ.ኤ.አ. ኢጣልያ ለወረራዋ ስትዘጋጅ የመምቻውን ቅርጽ ተረክባ ሮም ውስጥ መታችው፤ ቀጥሎም ለንደን፣ ፓሪስ፣ ብራስልስና ቦምቤይ መቱት። በአገራችን ከገበያ እንዲወጣ የተደረገው በ1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ብር ከታወጀ በኋላ ነው። ስለዚህ «የ1780 ነው፣ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ሆኖታል» ብሎ የሚሸጥልዎትን አይመኑ፣ እርስዎም እንደዚያ ብለው አይሽጡ።

ትክክለኛው ክብደት 28.07 ግራም ገደማ፣ ስፋቱ 40 ሚሊ ሜትር አካባቢ፣ የብሩ ንጽሕና ከሺህ 833 ነው። ንጹሑ ብር ወደ 23.4 ግራም ይሆናል ማለት ነው። ምርመራው እንዲህ ነው፦

በመጀመሪያ 0.01 ግራም በምታነብ ትንሽ ሚዛን ይመዝኑት። ከብዙ አገልግሎት የተፋቀ ጠገራ 27 ግራም ከምናምን ሊሆን ይችላል፤ ከ26.5 በታች ከወረደ ግን ይጠርጥሩ። ቀጥሎ ማግኔት ያስጠጉት፤ ከሳበው ብር አይደለም። ባይስበውም ገና አልተረጋገጠም፤ መዳብም ኒኬል የተቀላቀለበት መዳብም አይሳብምና።

ቁርጡን የሚናገረው የውኃ ምርመራ ነው። በሚዛኑ ላይ ውኃ ያለበት ብርጭቆ ያስቀምጡና ቁጥሩን ወደ ዜሮ ይመልሱት። ብሩን በቀጭን ክር አስረው ሙሉ በሙሉ ውኃ ውስጥ ይስጠም፣ ነገር ግን የብርጭቆውን ታችና ጎን እንዳይነካ ተንጠልጥሎ ይቆይ። ሚዛኑ ላይ የሚታየው ቁጥር የተገፋው ውኃ ክብደት ነው። የአየር ላይ ክብደቱን ለዚህ ቁጥር ያካፍሉ። ትክክለኛ ጠገራ ወደ 2.75 ግራም ያሳያል፤ 28.07 ለ2.75 ሲካፈል 10.2 ይመጣል። 3.15 አካባቢ ካሳየ ውጤቱ 8.9 ነው፤ ያ መዳብ ወይም የመዳብና የኒኬል ቅይጥ ነው። ስሕተት የሚመጣው ከሁለት ነገር ነው፦ በብሩ ላይ የተጣበቀ የአየር አረፋ ቁጥሩን ከፍ ያደርገዋል፤ ብሩ ታቹን ከነካ ደግሞ ሚዛኑ የብሩንም ክብደት ይይዛል። አረፋውን በላባ ጫፍ አራግፈው ደግመው ይመዝኑ።

መጨረሻ ጠርዙን ይዩ። በትክክለኛው ላይ «ፍትሕና ምሕረት» የሚል ትርጉም ያለው የላቲን ጽሑፍ ከጠርዙ ወጣ ብሎ ተቀርጿል። በቅርጽ ቀልጦ የፈሰሰ አስመሳይ ይህን ጽሑፍ ጥርት አድርጎ አያወጣም፤ በጠርዙ ዙሪያም የመጋጠሚያ መስመር ይታያል። ድሮ ነጋዴዎች በንግሥቲቱ ትከሻ ላይ ያለውን ባለ ዕንቁ ጌጥና የፀጉሯን ዘውድ አተኩረው ያዩ የነበረውም ለዚሁ ነው።

የተበሳ ወይም ቀለበት የተበየደለት ጠገራ ለሰብሳቢ ዋጋው ይቀንሳል። ለቤተሰብ ግን በሴቶች አንገት ላይ እንደዋለ የሚመሰክር ነውና ቀለበቱን አያስነቅሉት፣ ቀዳዳውንም አያስደፍኑ።

የምኒልክ ብር ከዚሁ ጋር ይመሳሰላል፦ በፓሪስ የተመታ፣ 28 ግራም ገደማ፣ ንጽሕናው ከሺህ 835፣ ቀኑም በግእዝ አኃዝ። የውኃ ምርመራው ውጤትም አንድ ነው። ከ1936 ዓ.ም. ጀምሮ የተመታው የጃንሆይ ሃምሳ ሳንቲምም ብር ነው። በዚያው ዓመት የወጣው ሃያ አምስት ሳንቲም ግን መዳብ ሆኖ መጠኑ ስለሚቀራረብ፣ ሰው ብር እየቀባው እንደ ሃምሳ ሳንቲም ያሳልፈው ነበር፤ በኋላ ጠርዙ እንዲሸነሸን የተደረገው ለዚህ ነው። ጠርዙ ያልተሸነሸነ ሃያ አምስት ሳንቲም ካገኙ በተለይ ያስቀምጡት።

ሳንቲሞችን ለስላሳ በሆነና ሽታው በሚከረፋ ፕላስቲክ ኪስ ውስጥ አያስቀምጡ። ያ ፕላስቲክ ከጊዜ ጋር አረንጓዴ ቅባት እያወጣ ብሩን ይበላዋል።

መስቀል፣ ድሪ፣ አልቦ

ብር የሚጠቁረው በአየር ውስጥ ካለ ድኝ ጋር ስለሚዋሃድ ነው። ድኙ ከጭስ፣ ከሱፍ ጨርቅ፣ ከላስቲክ ይመጣል። ጥቁሩ ሽፋን ራሱ ከብሩ የተሠራ ነው፤ ስለዚህ በአመድ፣ በአሸዋ፣ በሎሚ ወይም በጥርስ ሳሙና ሲፈተግ የሚነሣው ቆሻሻ ብቻ ሳይሆን ብሩም ነው። ይህ በየዓመቱ ለጥምቀት ወይም ለመስቀል ከተደጋገመ የቅርጹ ስለት ይጠፋል። በበይነ መረብ የሚመከረው የአሉሚኒየም ወረቀትና የሶዳ ዘዴም አይበጅም። ከጉድጓዱ ያለውን ጥላ ሁሉ አጥቦ ቅርጹን ጠፍጣፋ ያስመስለዋል፤ ውኃውም በብየዳው ስንጥቅና በባዶ ዶቃዎች ውስጥ ይቀራል።

ከማጽዳት በፊት ምን እንደያዙ ይወቁ። ብር ቅብ ከሆነ ብዙ በሚነካው ቦታ፣ ማለትም በማንጠልጠያው ቀለበት፣ በጠርዝና በጀርባው፣ ቀይ ወይም ቢጫ ብረት ይታያል። ጀርመን ሲልቨር የሚባለው ነጭ ብረት ደግሞ ስሙ እንጂ ውስጡ ብር የለበትም፤ መዳብ፣ ኒኬልና ዚንክ ነው። ድንጋይና ክር የሌለውን ወጥ መስቀል ከላይ ባለው የውኃ ዘዴ መለየት ይቻላል፤ ብዙ የድሮ መስቀል ጠገራ ቀልጦ የተሠራ ስለሆነ 10 አካባቢ መምጣት አለበት። ውስጡ ባዶ የሆነ ዶቃ ግን በዚህ ዘዴ አይመረመርም።

ዕድሜን በተመለከተ ጥቁረቱን ሳይሆን በመታጠቅ ብዛት የተፋቀበትን ቦታ ይመልከቱ። ለዓመታት አንገት ላይ የዋለ መስቀል ከደረትና ከልብስ ጋር የሚፋተገው ጀርባው ይለሰልሳል፣ የማንጠልጠያው ቀለበት በአንድ በኩል ይሳሳል፣ ጉድጓዱ ጥቁር ሆኖ ጉብታው ያበራል። በኬሚካል የጠቆረ አዲስ ሥራ ግን ጉብታውም ጉድጓዱም እኩል ጥቁር ነው፣ ቀለበቱም ወፍራም ነው።

ማጽዳት የግድ ካስፈለገ እንዲህ ያድርጉ። አቧራውን ለስላሳ የቀለም ብሩሽ ይጠርግ። ከኬሚካል መደብር ንጹሕ የካልሲየም ካርቦኔት ዱቄት ይግዙ፤ የጥቁር ሰሌዳ ጠመኔ አይሆንም፣ የሚቧጭር ብናኝ ይኖረዋልና። አንድ የሻይ ማንኪያ ዱቄት በተጣራ ውኃ እንደ ወፍራም እርጎ እስኪሆን ይበጥብጡ፣ በጥጥ ጫፍ ጉብታውን ብቻ በቀስታ ይጥረጉ፤ ጉድጓዱን ይተዉት። በእርጥብ ጥጥ ያንሡት፣ ወዲያው በደረቅ ጨርቅ ያድርቁት። ጉብታው ነጣ ሲል ያቁሙ። ሽቦ የተጠማዘዘበትን ስስ ሥራ በዚህ ዱቄት አይንኩት፤ በየቀዳዳው ደርቆ ይቀራል። መስቀሉ ከነማተቡ ከሆነ ማተቡን አይቁረጡ፣ አያርጥቡም።

ማስቀመጫው የታጠበ፣ ቀለም ያልገባ የጥጥ ጨርቅ ነው። እያንዳንዱን ለብቻ ጠቅልለው በሚዘጋ የፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ እርጥበት ከሚመጥ ትንሽ ከረጢት ጋር ያስቀምጡ። ጋዜጣ፣ ሱፍና ላስቲክ አያስጠጉ።

የብራና መጽሐፍና ክታብ

ብራና ቆዳ ነው፤ ሙቀት ያኮማትረዋል፣ እርጥበት ያሳብጠዋል። ከነፍሳት ለማዳን ተብሎ መጽሐፍን ፀሐይ ላይ ማስጣት በብዙ ቤት ይደረጋል፣ ይህን ልማድ ግን ማቆም ይገባል። ፀሐዩ ገጹን ያጎብጠዋል፣ ቀለሙም ይረግፋል። ጥሩው ቦታ ከመሬትና ከውጭ ግድግዳ የራቀ፣ ጨለማ መደርደሪያ ነው። እርጥበት መለኪያ ገዝተው አጠገቡ ያስቀምጡ፤ ከ45 እስከ 55 በመቶ ይስማማዋል። ከ65 በላይ ለቀናት ከቆየ ሻጋታ ይነሣል፤ ከ40 በታች ሲሆን ገጹ ይደርቅና ቀለም ይሰነጠቃል። አሜሪካና አውሮፓ የሚኖሩ ወገኖች በክረምት ቤት ሲሞቅ አየሩ እጅግ ስለሚደርቅ መጽሐፉን ከማሞቂያው ማራቅ አለባቸው። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ደግሞ የአየር ማቀዝቀዣው ሲጠፋና ሲበራ የሚፈጠረው የእርጥበት መለዋወጥ ነው የሚጎዳው።

ሲከፍቱ እጅዎ ታጥቦ በደንብ የደረቀ ይሁን። ጓንት አያስፈልግም፤ የጣትን ስሜት አጥፍቶ ገጽ ያስቀድዳል። ጣት በምራቅ አርሶ መግለጥ ክልክል ነው። መጽሐፉን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው አይጫኑት፤ በግራና በቀኝ ጥቅል ፎጣ አድርገው ከ90 ዲግሪ ብዙ ሳይበልጥ ያስደግፉት፣ አለበለዚያ የጥራዙ ክር ይበጠሳል። የተቀደደውን በስኮች ወይም በሙጫ አይለጥፉ፣ የጎበጠውን ካውያ አያስነኩ። ውኃ ከነካው በፀጉር ማድረቂያ አይሞክሩ፤ ገጾቹ እንዳይጣበቁ በጥቂቱ ከፍተው ነፋሻ ጥላ ውስጥ ቀስ ብሎ ይድረቅ።

የመጽሐፉ ታሪክ ብዙ ጊዜ ያለው በመጀመሪያዎቹና በመጨረሻዎቹ ቅጠሎች ላይ ነው። ያስጻፈው፣ የጻፈው፣ የገዛው ሰው ስም፣ አንዳንዴም የመሬት ውልና የልደት ማስታወሻ እዚያ ይገኛል። የተፋቀ ስም ካለ መጽሐፉ ባለቤት ቀይሯል ማለት ነው፤ ከጎን በሚመጣ ብርሃን ይመርምሩት። «ዘሠረቆ ወዘፈሐቆ» ብሎ የሚጀምር ግዝትና የአንድ ደብር ስም ካነበቡ ግን መጽሐፉ ለቤተ ክርስቲያን የተሰጠ ነው። በችግር ዘመን በአደራ ተቀምጦ ሊሆን ይችላልና ቤተሰቡ ከደብሩ አስተዳደር ጋር ሊነጋገር ይገባል። የቤተ ክርስቲያንን ንብረት በውርስ ስም መያዝ ትክክል አይደለም።

ከዚያ ሙሉውን ፎቶ ያንሡ፤ ባዶውን ቅጠል፣ የሽፋኑን እንጨት፣ ማኅደሩንም ጭምር። ንባቡ ካስቸገረዎ ግእዝ የሚያውቅ የደብር መምህር በአንድ ከሰዓት ብዙ ይነግርዎታል። ለማነጻጸር ደግሞ ወመዘክር (ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት) እና በስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም የብራና ስብስብ አላቸው።

ክታብ ሲገኝ አስገድደው አይዘርጉት። ብዙ ዓመት ተጠቅልሎ የኖረ ብራና ሲጎተት በመታጠፊያው ይሰበራል። በእጅ ቀስ ብሎ የሚፈታውን ያህል ብቻ ፈትተው ያንብቡ፤ የባለቤቱ የክርስትና ስም፣ ወለተ ማርያም ወይም ገብረ ሥላሴ እየተባለ፣ በጸሎቱ መካከል ደጋግሞ ይመጣል። ብዙ ክታብ በባለቤቱ ቁመት ልክ ይሠራ ስለነበር ርዝመቱን መዝግቡ፤ ከቅድመ አያትዎ የቀረ የቁመት ማስረጃ ሊሆን ይችላል።

ልብስ፣ ቆዳና እንጨት

ካባና ባለ ወርቅ ጥልፍ ልብስ አይታጠብም፤ የጥልፉ ብረት ክርና የውስጡ ጥጥ በውኃ በተለያየ መጠን ይኮማተራሉ። በርኖስና ሌላ ሱፍ ብል ካለበት ማቀዝቀዣ ይጠቀሙ። በሁለት ፕላስቲክ ከረጢት አሽገው፣ አየሩን አስወጥተው፣ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ በሚደርስ ማቀዝቀዣ ሁለት ሳምንት ይቆይ። ሲያወጡ ከረጢቱን ለአንድ ሙሉ ቀን አይክፈቱ፤ ቶሎ ከተከፈተ የክፍሉ እርጥበት ጨርቁ ላይ ውኃ ሆኖ ያርፋል። ይህ ዘዴ ለብራና፣ ለሥዕልና ለእንጨት አይሆንም። ልብስ ሲያጥፉ በየእጥፋቱ ውስጥ የታጠበ ጥጥ ጨርቅ ይጠቅልሉ፤ እጥፋቱንም በዓመት አንዴ ቦታ ይለውጡ፣ ጨርቅ የሚቀደደው በቆየበት እጥፋት ነው።

ጋሻን፣ ማኅደርንና አገልግልን ቅቤ ወይም ዘይት መቀባት ለጊዜው ያሳምራል፤ በኋላ ግን ቅባቱ ነጭ ሆኖ ይወጣል፣ አቧራ ይይዛል፣ አይጥ ይጠራል። ደረቅ ብሩሽ በቂ ነው። መሶብ ላይ የቀለሙን የመጀመሪያ ድምቀት ለማየት ውስጡን ወይም የክዳኑን ጠርዝ ሥር ይዩ፤ ያ ካልደበዘዘ ከብርሃን በማራቅ የቀረውን ማቆየት ይቻላል። በርጩማ ወይም ሣጥን ነቀዝ እንዳለበት ለመለየት ጥቁር ወረቀት ላይ አስቀምጠው አንድ ወር ይጠብቁ። አዲስ ዱቄት ከወረደ ነቀዙ ሕያው ነው፤ ካልወረደ ቀዳዳው የድሮ ነው። ቫርኒሽ አይቀቡ። ሲንገር የልብስ ስፌት መኪና ከተገኘ በብረቱ አካል ላይ ያለው ተከታታይ ቁጥር የተሠራበትን ዓመትና ፋብሪካ ያሳያል፤ ሲያንቀሳቅሱት የስፌት መኪና ዘይት እንጂ የምግብ ዘይት አይስጡት፣ የምግብ ዘይት ደርቆ ሙጫ ይሆናል።

የቤተ ክርስቲያን ሥዕል በእንጨት ላይ ከሆነ ምንም አያድርጉ። ቀለሙ የተቀባው በስስ ነጭ ልስን ላይ ስለሆነ እርጥብ ጨርቅ አንዴ ሲያልፍበት ቅርፊቱ ይነሣል።

ፎቶግራፍ

ስሞቹን ከሚያውቅ ሰው ጋር ዛሬውኑ ይቀመጡ፤ ከዕቃዎቹ ሁሉ ታሪኩ ቶሎ የሚጠፋው ይህ ነው። በጀርባው ጠርዝ ላይ በለስላሳ እርሳስ፣ ሳይጫኑ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ስም ይጻፉ። በስካነር 600 ዲፒአይ በሆነ የምስል ጥራት ይገልብጡ፣ ጀርባውንም ጭምር፤ የስቱዲዮ ማኅተም ዘመን ይናገራልና። የቦያጂያን ቤተሰብ ለምሳሌ ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ እስከ ጃንሆይ መጨረሻ በቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺነት የሠራ የአርመን ቤተሰብ ነው። መስተዋት ላይ የተጣበቀ ፎቶ አይላጥ፤ ከነመስተዋቱ ይገለበጥ።

ሕጉ፣ ክፍፍሉና ቀጣዩ ዕቃ

ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 ግለሰብ ቅርስ በባለቤትነት እንዲይዝ ይፈቅዳል፤ ነገር ግን በራሱ ወጪ የመጠበቅ ግዴታ ይጥልበታል። ያለ ፈቃድ ቅርስን ከአገር ማውጣትም ክልክል ነው። ስለዚህ ወደ ውጭ የሚሄድ ዘመድ «የእናቴ መስቀል ነው» ብሎ ሻንጣው ውስጥ ከመጨመሩ በፊት ከነዕቃውና ከነፎቶው ወደ ቅርስ ባለሥልጣን ሄዶ የመውጫ ማረጋገጫ ይጠይቅ። የብራና መጽሐፍ ይፈቀዳል ብሎ ተስፋ ማድረግ አይበጅም፤ ሙሉ የፎቶ ቅጂውን ይዞ መሄድ፣ መጽሐፉን ደረቅ ክፍል ላለው ዘመድ መተው ይሻላል። ከዝሆን ጥርስና ከአውራሪስ ቀንድ የተሠራ ነገር በዓለም አቀፍ ስምምነት ንግዱ የተከለከለ ስለሆነ በየትኛውም አውሮፕላን ማረፊያ ያስይዛል። ውጅግራ ወይም ሌላ የአባት ጠመንጃ ሲገኝ ቅርስ ነው ብለው አያስቀምጡት፤ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት መሣሪያ ነውና ጥይት መኖር አለመኖሩን ራስዎ ለማየት ሳይሞክሩ ለፖሊስ ያሳውቁ።

ሲከፋፈሉ ስብስቦችን አይበትኑ። ዳዊቱ ለአንዱ፣ ማኅደሩ ለሌላው ከደረሰ ሁለቱም ይጎዳሉ፤ ሜዳይ ከነጥብጣቡና ከነወረቀቱ፣ ድሪ ከነሙሉ ዶቃው በአንድ እጅ ይሁን። ማን ምን እንደወሰደ በቁጥሩ ጽፈው ሁሉም ይፈርሙ፣ የፎቶውንና የድምፁን ቅጂ ለእያንዳንዱ ልጅ ይስጡ።

አንድ ዕቃን እንዲህ በደንብ ያወቀ ሰው ሁለተኛውን መፈለጉ አይቀርም። በመርካቶ ምናለሽ ተራም ሆነ በቸርችል ጎዳና ሱቆች ከመግዛትዎ በፊት እንደ ቤተሰብዎ ዕቃ ይጠይቁ፦ ከየት አገር መጣ፣ ከማን ተገዛ፣ ደረሰኝ ይሰጣሉ? ሻጩ መልስ ከሌለው ተራ ነገሮችን ብቻ ይግዙ፤ በርጩማ፣ ብርሌ፣ ፋኖስ፣ ጀበና፣ ስፌት መኪና ለጀማሪ በቂ ትምህርት ናቸው። ታቦትን፣ የመቀደሻ ንዋይንና የቤተ መቅደስ ሥዕልን በምንም ዋጋ አይንኩ። በፍሬም ውስጥ የሚሸጡ ነጠላ የብራና ቅጠሎችንም ይተዉ፤ አብዛኞቹ ከመጽሐፍ ተቆርጠው በአሮጌው ጽሑፍ ላይ አዲስ ሥዕል የተሣለባቸው ናቸው። ሥዕሉ ፊደሉ ላይ ተደርቦ፣ ዓረፍተ ነገሩም በመካከሉ ተቆርጦ ይታያል። ገዢ እስካለ ድረስ ሌላ ዳዊት ለዚሁ ይቆረጣል።